ቀን ተስማምተው ማታ የሚጣሉ ሁለት ጀነሬተሮች

ጥያቄው የመጣው ከሐዋሳ ነው። ጠያቂው ሐይቁ አካባቢ ባለ አንድ ሆቴል የሚሠራ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ነው። ትንሽ አሳጥሬዋለሁ። ለሙያው አዲስ ለሆነ አንባቢ፦ ሎድ ጀነሬተሩ የሚሸከመው ጭነት ነው፤ ጋቨርነር ናፍጣ እየጨመረና እየቀነሰ የሞተሩን ፍጥነት የሚጠብቀው ክፍል ነው፤ ሲንክሮናይዝ ማድረግ ሁለቱን እኩል አራምዶ ማገናኘት ነው፤ ሪቨርስ ፓወር ጀነሬተሩ ኃይል መስጠት ትቶ ሲቀበል ነው፤ ትሪፕ ማድረግ በመከላከያ ተቆርጦ መውጣት ነው። ድሩፕን ከታች እፈታዋለሁ።

«ጋሼ፣ ሁለት 250 ኬቪኤ ጀነሬተሮች አሉን። እያንዳንዳቸው 200 ኪሎዋት ናቸው። አንደኛው አሮጌ ነው፤ ጋቨርነሩ የናፍጣ ፓምፑ ላይ ያለ ሜካኒካል ነው። ሁለተኛው አዲስ ነው፤ ኤሌክትሮኒክ ጋቨርነር አለው። መብራት ሲጠፋ ሲንክሮናይዝ አድርገን አንድ ላይ እናስገባቸዋለን። ቀን ሎዱ 320 ኪሎዋት ገደማ ሲሆን 50 ሄርዝ ላይ 160፣ 160 እኩል ይወስዳሉ። ማታ ሎዱ ወደ 50 ሲወርድ ግን አዲሱ በሪቨርስ ፓወር ትሪፕ ያደርጋል። የአዲሱን ፍጥነት ትንሽ ከፍ ሳደርግለት ማታ ይስማማሉ፤ በማግስቱ ቀን ደግሞ አዲሱ ከአቅሙ በላይ ይጫናል። ሌላም ችግር አለ። ቀን ኪሎዋታቸው እኩል ሆኖ አምፒራቸው ይለያያል፤ አሮጌው 243፣ አዲሱ 330 ያሳያል። ቮልቴጅ በመቀነስ የአዲሱን ሎድ ላቅልለት? አንዱ ጓደኛዬ የሁለቱንም ድሩፕ ዜሮ አድርግ አለኝ። ሌላው የሪቨርስ ፓወሩን ሴቲንግ ከፍ አድርገው ይላል። ለየብቻቸው ያለ ሎድ ስለካቸው አሮጌው 51.6፣ አዲሱ 50.8 ሄርዝ ናቸው። የማንን ልስማ?»

የሁለቱንም አትስማ። የመጀመሪያው ጓደኛህ ምክር ከሁሉም የባሰ ነው፤ እመለስበታለሁ። መልሱ ያለው አንተ መጨረሻ ላይ የጻፍካቸው ሁለት ቁጥሮች ውስጥ ነው። እንዲህ ያለ ጥያቄ ብዙ ይደርሰኛል፤ ያለ ሎድ ስንት ሄርዝ እንደሆነ ለክቶ የሚልክ ግን ጥቂት ነው። 51.6 እና 50.8 ብለህ ባትጽፍ ኖሮ ምርመራውን ከዚያ እንድትጀምር ነበር የምነግርህ።

መጀመሪያ አንድ ነገር እናስተካክል። ሁለቱ ጀነሬተሮች አንድ ባስባር (ኃይላቸው የሚገናኝበት የጋራ መስመር) ላይ ከገቡ በኋላ የተለያየ ፍጥነት የላቸውም። አንድ ቀንበር ላይ እንደተጠመዱ በሬዎች ናቸው። ሁለቱም እኩል ይራመዳሉ። ልዩነቱ ማን ይስባል፣ ማን ዝም ብሎ ይከተላል የሚለው ነው። ስለዚህ አብረው እየሠሩ የአዲሱን «ፍጥነት ከፍ አደረግሁ» ስትል በእውነት ያደረግኸው ናፍጣ መጨመር ነው። በሬውን መታ አደረግኸው፤ እሱም ቀንበሩን የበለጠ ሳበ። ፍሪኩዌንሲው ትንሽ ቢነሳም ዋናው ለውጥ ኪሎዋቱ ላይ ነው።

ታዲያ እያንዳንዱ ምን ያህል መሳብ እንዳለበት ማን ይነግረዋል? ድሩፕ ነው። ድሩፕ ማለት ሎድ ሲጨምር ጋቨርነሩ ሆን ብሎ ፍጥነቱን እንዲቀንስ መፍቀድ ነው። 4 በመቶ ድሩፕ ያለው ሞተር ከባዶ ወደ ሙሉ ሎድ ሲሄድ 2 ሄርዝ ይወርዳል፤ የ50 ሄርዝ 4 በመቶ 2 ነውና። ብዙ ሰው ይህን እንደ ጉድለት ያየዋል። «ደህና ጋቨርነር ፍጥነቱን አይለቅም» ይላል። ለብቻው ለሚሠራ ጀነሬተር እውነት ነው። ሁለት ሲሆኑ ግን የሚግባቡት በዚህች መውረድ ብቻ ነው። ፍሪኩዌንሲው ዝቅ ሲል ሁለቱም «ሎድ መጣ» ብለው ናፍጣ ይጨምራሉ። ሌላ ቋንቋ የላቸውም።

አሁን ወደ አንተ ማሽኖች። አሮጌው ከ51.6 ተነስቶ 160 ኪሎዋት ሲይዝ 50 ላይ ደረሰ። 1.6 ሄርዝ ወረደ ማለት ነው፤ በየ100 ኪሎዋቱ 1 ሄርዝ። እስከ 200 ብትጭነው 2 ሄርዝ ይወርዳል። ድሩፑ 4 በመቶ ነው። አዲሱ ከ50.8 ተነስቶ በዚያው 160 ኪሎዋት 50 ላይ ደረሰ። የወረደው 0.8 ብቻ ነው። ድሩፑ 2 በመቶ ነው። ጣጣው ይኸው ነው። ሁለቱ ቁልቁለቶች አንድ አይደሉም፤ የሚገናኙትም አንድ ነጥብ ላይ ብቻ ነው። አንተ ያ ነጥብ ቀን 320 ላይ እንዲሆን አድርገሃል። ከዚያ ነጥብ በራቅህ ቁጥር ይለያያሉ።

ሒሳቡን አብረን እንየው፤ ከባድ አይደለም። ሎዱ 200 ሲሆን ባስባሩ 50.4 ሄርዝ ላይ ይቆማል። አሮጌው ከ51.6 በ1.2 ወርዷል፣ ስለዚህ 120 ኪሎዋት ይዟል። አዲሱ ከ50.8 በ0.4 ወርዷል፤ እሱ ግን በየ100 ኪሎዋቱ የሚወርደው ግማሽ ሄርዝ ስለሆነ የያዘው 80 ነው። ሎዱ 80 ሲሆን ፍሪኩዌንሲው 50.8 ይሆናል፤ አሮጌው 80ውን ብቻውን ይሸከማል፣ አዲሱ ባዶውን ይሽከረከራል። ሎዱ 50 ሲሆን ፍሪኩዌንሲው 50.9 ነው። ይህ ከአዲሱ የባዶ ፍጥነት በላይ ነው። አሮጌው 70 ኪሎዋት ያመነጫል፤ 50ውን ለሆቴሉ ይሰጣል፣ 20ውን አዲሱን እንደ ሞተር ለመግፋት ያወጣዋል። 20 ኪሎዋት ከ200 ላይ 10 በመቶ ነው። ሪሌው፣ ማለትም ሪቨርስ ፓወር ሲያይ ጀነሬተሩን የሚቆርጠው መከላከያ፣ የሚያየው እሱን ነው። አልተሳሳተም።

የአዲሱን ፍጥነት ከፍ ስታደርግ ምን እንደሆነም በዚሁ ይገባሃል። ማታ 25፣ 25 እንዲሆኑ ካስተካከልክ የአዲሱ የባዶ ፍጥነት ወደ 51.5 ገደማ ወጥቷል። በማግስቱ 320 ሲመጣ አሮጌው 115 ይይዛል፣ አዲሱ 205። ከአቅሙ በላይ ያልከው ይኸው ነው። የፍጥነት ብሎን መስመሩን ወደ ላይና ወደ ታች ያነሳዋል እንጂ ቁልቁለቱን አይለውጥም። ቁልቁለቱን የሚለውጠው የድሩፕ ማስተካከያው ብቻ ነው። ጠዋትና ማታ ፍጥነት እየነካህ የምትኖር ከሆነ የተሳሳተውን ብሎን እያዞርክ ነው።

ወደ ጓደኞችህ ልመለስ። ሁለቱንም ዜሮ ብታደርግ እያንዳንዱ ጋቨርነር «50 ሄርዝ የኔ ኃላፊነት ነው» ይላል። አንዱ 50.00 ሌላው 50.02 ቢፈልግ፣ 50.02 የሚፈልገው ያንን ለማምጣት ናፍጣ ይጨምራል፤ 50.00 የሚፈልገው ደግሞ በዛ ብሎ ይቀንሳል። ማንም አይሸነፍም። መጨረሻ ላይ አንዱ ሁሉን ይሸከማል፣ ሌላው በሪቨርስ ይወጣል። ሁለት ዜሮ ድሩፕ ጋቨርነሮች አብረው የሚሠሩት በመካከላቸው ኪሎዋት እያነጻጸረ ለሁለቱም የሚነግር የሎድ ማካፈያ መሣሪያ ካለ ብቻ ነው። አንተ ጋ የለም።

የሪቨርስ ፓወር ሪሌውን ነገር ደግሞ በደንብ ስማኝ። ለናፍጣ ጀነሬተር ከ5 እስከ 15 በመቶ፣ ከጥቂት ሰከንድ መዘግየት ጋር የተለመደ ነው። ያንተ ከዚህ ውስጥ ከሆነ አትንካው። ከዓመታት በፊት አዳማ ውስጥ አንድ ፋብሪካ ጀነሬተር ክፍል ገባሁ። ሦስት ማሽን ይሽከረከራል። «ሦስተኛው ምንም አልል አለ፣ ሎድ አይወስድም» አሉኝ። ጠጋ ብዬ የጭስ ማውጫውን አየሁት። ጭስ የለም። እጄን ወደ ቧንቧው ቀስ እያልኩ አስጠጋሁ፤ ቀዝቃዛ ነው። ሞተሩ በደቂቃ 1,500 ጊዜ እየዞረ ቧንቧው ቀዝቃዛ! ናፍጣውን የሚከፍትና የሚዘጋው ሶሌኖይድ ዘግቶ ሌሎቹ ሁለቱ ሦስተኛውን እንደ ኤሌክትሪክ ሞተር ሲያዞሩት ነው ያደሩት። ሪሌው የት ነው ስል፣ «በየጊዜው ሲያስቸግረን አወጣነው» አሉ። ሞተሩ ውስጥ የሆነ ነገር ነክሶ ቢሆን ኖሮ ሌሎቹ እየገፉ ይሰብሩት ነበር።

አምፒሩ ሌላ በሽታ ነው። ከጋቨርነር ጋር አታደባልቀው። ኪሎዋት የሚመጣው ከናፍጣ ነው። አምፒሩ ውስጥ ግን ኪሎዋት ብቻ አይደለም ያለው፤ ለፓምፕ፣ ለፍሪጅ፣ ለሊፍት ሞተሮች ማግኔት የሚሆነው ኬቫርም አለበት። እሱን የሚሰጠው ኤክሳይቴሽን (የጀነሬተሩን ማግኔት የሚፈጥረው ጅረት) ነው፣ የሚያዘው ደግሞ ኤ.ቪ.አር የሚባለው የቮልቴጅ መቆጣጠሪያ። 160 ኪሎዋት በ400 ቮልት 243 አምፒር ከሆነ ፓወር ፋክተሩ (ከኬቪኤው ውስጥ ኪሎዋት የሆነው ድርሻ) 0.95 ነው። 330 አምፒር ከሆነ 0.7 ነው። የሆቴሉ ኬቫር 216 ገደማ ነው፤ አዲሱ 163ቱን ይሰጣል፣ አሮጌው 53ቱን ብቻ። እኩል ቢካፈሉት ሁለቱም ወደ 279 አምፒር ይሆኑ ነበር። 250 ኬቪኤ የሚፈቅደው 361 ነው። ስለዚህ አዲሱ ዛሬ አልተቃጠለም። ሁለት ትልልቅ ሞተሮች ባንድ ጊዜ ቢነሱ ግን የሚንገዳገደው እሱ ነው።

ስለዚህ «ቮልቴጅ በመቀነስ ሎዱን ላቅልለት» የሚለው ሐሳብ ግማሽ እውነት ነው። የአዲሱን ቮልቴጅ ብትቀንስ አምፒሩ ይወርዳል። ኪሎዋቱ ግን ከቦታው አይነቃነቅም። ናፍጣው ያው ነውና። ቮልቴጅ ነክቶ ኪሎዋት ለማስተካከል የሚደክም ሰው ብዙ አይቻለሁ። መሪውን እያዞረ መኪናዬ ለምን አትፈጥንም እንደማለት ነው።

አሁን ወደ ሥራው። ምክሬ ግልጽ ነው፦ አዲሱን ወደ 4 በመቶ አምጣው። አሮጌውን ወደ 2 ለማውረድ አትሞክር። ለምን? አንደኛ፣ የፓምፕ ሜካኒካል ጋቨርነር ድሩፕ ብዙ ጊዜ ከስፕሪንጉ ጋር አብሮ የተሠራ ነው፤ ቢስተካከልም በትንሹ ነው፣ ለዚያውም ፓምፕ ቤት ሄዶ። ሁለተኛ፣ ድሩፕ ባነሰ ቁጥር ማሽኖቹ ለጥቃቅን ስህተት ይነጫነጫሉ። 4 በመቶ ላይ የ0.1 ሄርዝ ስህተት 10 ኪሎዋት ነው። 2 በመቶ ላይ 20 ይሆናል። 1 በመቶ ላይ 40። አሮጌ ሊንኬጅ (የጋቨርነሩ ማንሻና ዘንጎች) 0.1 ሄርዝ ያህል መላወሱ አይቀርም። ስለዚህ 4 ይሁን።

ከመጀመርህ በፊት የሁሉንም ብሎኖች አቀማመጥ በማርከር ምልክት አድርግ፣ በስልክህም ፎቶ አንሳ። የአሮጌውን ሊንኬጅ በእጅህ ነቅነቅ አድርገው፤ ፍሬኑ እንዳለቀ ብስክሌት ባዶ መላወስ ካለው ያንን መጀመሪያ አሠራ። ፍሪኩዌንሲ የምትለካበት መሣሪያ አንድ ይሁን፤ ሁለቱን ጀነሬተሮች በሁለት የተለያዩ የፓነል ሜትሮች አትለካ። ከነጥብ በኋላ ቢያንስ አንድ አሃዝ የሚያሳይ ዲጂታል ቴስተር ይበቃል። ሁለቱም ሞተሮች በደንብ ይሙቁ። ቀዝቃዛ ሞተር ላይ ያስተካከልከው ግማሽ ሰዓት ቆይቶ ሌላ ነገር ነው።

ከዚያ የሚታወቅ ሎድ ያስፈልግሃል። ሎድ ባንክ (ለፍተሻ ተብሎ የተሠራ ሎድ) የሚከራይ ካገኘህ ደስ ይላል። ካላገኘህ ሆቴል ውስጥ ነህ፣ ምን ጎደለህ? የሻወር ቦይለሮች፣ የላውንደሪ ማሞቂያ፣ የወጥ ቤት ምጣዶች ንጹሕ የሙቀት ሎድ ናቸው። አንድ የኤሌክትሪክ እንጀራ ምጣድ 3.5 ኪሎዋት ገደማ ይወስዳል። የሠርግ ድግስ የሚችል ወጥ ቤት ላይ ምጣዱና ቦይለሩ ተደምሮ 100 ኪሎዋት ለማግኘት አትቸገርም። አንዳንድ ቦታ በርሜል ውስጥ ጨው ውሃ ሞልተው ብረት ይነክራሉ። እባክህ እንዳትሞክረው። በ400 ቮልት ከሚፈላ ጨው ውሃ አጠገብ የቆመ ሰው ማየት አልፈልግም።

አዲሱን ብቻውን አስነሳ፤ የአሮጌው ብሬከር ይከፈትና (ከባስባሩ ይለይና) ይቆለፍ። ያለ ሎድ ሄርዙን ጻፍ። 100 ኪሎዋት ጫንና እንደገና ጻፍ። ዛሬ ልዩነቱ ግማሽ ሄርዝ ነው፤ ልታመጣው የምትፈልገው 1.0 ነው። ጋቨርነሩ ኢ.ኤስ.ዲ. 5500 የሚባለው ዓይነት ከሆነ ድሩፕ የሚሠራው ኬ እና ኤል የሚባሉት ተርሚናሎች በአጭር ሽቦ ሲያያዙ ነው። ያንተ 2 በመቶ ስላሳየ ሽቦው ይኖራል፤ ቢሆንም ጠበቅ ማለቱን እይ። ድሩፕ የሚለውን ትንሽ ብሎን ወደ ቀኝ ስታዞር ይጨምራል። እስከ 5 በመቶ ይሄዳል፣ ስለዚህ 4 አያቅተውም። ሌላ ዓይነት ከሆነ መጽሐፉን ክፈት፤ በግምት አትሂድ።

እዚህ ላይ ብዙዎች ትዕግሥት ያጣሉ። ድሩፑን ስትነካ ፍጥነቱም አብሮ ይናወጣል። ሎድ አውጣ፣ ፍጥነቱን ወደ 51.6 መልስ፣ ሎድ አስገባ፣ ልዩነቱን እይ፣ እንደገና ትንሽ አዙር። አራት አምስት ጊዜ ትመላለሳለህ። በመጨረሻ ባዶ 51.6፣ 100 ላይ 50.6 ሲያሳይ ጨረስክ። 160 ከቻልክ 50.0 መስጠት አለበት። ሞተሩ በዚህ መካከል የሚዋዥቅ ከሆነ፣ ፍጥነቱ ከፍ ዝቅ እያለ ካልተቀመጠ፣ ያ የድሩፕ ጉዳይ አይደለም። ጌይን እና ስታቢሊቲ የሚባሉትን ማስተካከያዎች፣ አየር የገባበትን የናፍጣ መስመር፣ የቆሸሸ ፊልተር መርምር። ድሩፕ ጨምረህ መዋዠቅ ብታስታግስ በሽታውን ሸፈንከው እንጂ አላከምከውም።

አሮጌውንም እንዲሁ ለብቻው ለካው። አንተ የላክኸው ሁለት ነጥብ ብቻ ነው፤ ባዶና 160። በ50፣ በ100፣ በ150 ለካና ጻፍ። 51.1፣ 50.6፣ 50.1 ካገኘህ መስመሩ ቀጥ ያለ ነው። ከ150 በኋላ በድንገት የሚዘቅጥ ከሆነ ግን ጋቨርነሩ አይደለም፤ ሞተሩ የናፍጣ ጣሪያው ላይ ደርሷል። ይህን ሐዋሳ ውስጥ በቁም ነገር ያዘው። ከተማው ከባሕር ጠለል ወደ 1,700 ሜትር ከፍ ያለ ነው። አየሩ ሳሳ ያለ ነው። ተርቦ የሌለው ሞተር ከፍታ ሲጨምር በየ100 ሜትሩ 1 በመቶ ገደማ አቅም ያጣል፤ ተርቦ ያለው የሚያጣው ያነሰ ነው። ታርጋው ላይ 200 ኪሎዋት የሚል አሮጌ ተርቦ አልባ ሞተር እዚያ 170 ቢሰጥህ አትገረም። ጣሪያው ላይ የደረሰ ሞተር ድሩፕ የለውም። ተጨማሪው ሎድ ሁሉ ወደ ጎረቤቱ ይሄዳል። ስለዚህ ሁለቱ በወረቀት ላይ 400 ናቸው ብለህ 380 ልትጭናቸው አታስብ።

ጋቨርነሩ ካለቀ በኋላ ወደ ኤ.ቪ.አር ሂድ፤ ከዚያ በፊት አይደለም። ሁለቱም ለየብቻቸው ባዶ በአንድ ቴስተር አንድ ዓይነት ቮልቴጅ ይስጡ፣ ለምሳሌ 400። ከዚያ የኤ.ቪ.አሩን ድሩፕ እይ። ይህ ሌላ ድሩፕ ነው፣ የቮልቴጅ ነው። ከአንድ ፌዝ ላይ ባለች ትንሽ ሲቲ (ጅረት የምትለካ ትራንስፎርመር) ይሠራል፤ ሽቦዎቿ ኤስ1 እና ኤስ2 የሚሉ ተርሚናሎች ላይ ይገባሉ። ርካሽ የሆኑ ትንንሽ ኤ.ቪ.አሮች እነዚህ ተርሚናሎች የሏቸውም። ያንተ አሮጌ ላይ በጥገና እንዲህ ዓይነቱ ተገጥሞ እንደሆነ መጀመሪያ አረጋግጥ። ከሌለው ምንም ብታስተካክል ኬቫር እኩል አይካፈልም፤ መቀየር ነው።

ሲቲው አቅጣጫው ትክክል መሆኑን መፈተሽ ቀላል ነው። ጀነሬተሩን ብቻውን አስነሳና የሞተር ሎድ ጫንበት። የውሃ ፓምፕ፣ የላውንደሪ ማሽን፣ ኮምፕረሰር። ምጣድ እዚህ አይሠራም። ለጋቨርነሩ ምጣድ፣ ለኤ.ቪ.አሩ ፓምፕ፤ ምክንያቱም ይህ ድሩፕ የሚሰማው ኬቫርን ነው። የድሩፕ ብሎኑን ስትጨምር ቮልቴጁ መውረድ አለበት። ከወጣ ሲቲው ተገልብጧል። እንዲህ ያለው አብረው ሲገቡ ኬቫር ማካፈል ትቶ እርስ በርስ ያባላቸዋል። ሞተሩን አጥፋ፣ ከዚያ ኤስ1ንና ኤስ2ን አቀያይር። አጥፋ ያልኩህ በምክንያት ነው። ኃይል እያለፈ የሲቲን ሽቦ መንቀል አይፈቀድም፤ ጫፎቹ ላይ የሚነሳው ቮልቴጅ ሰው ይጎዳል። ከዚያ ሁለቱንም በሙሉ ሎድ 3 በመቶ ገደማ እንዲወርዱ እኩል አድርጋቸው።

አንድ ነገር ላንሳና ልለፍ። ሁለቱ አልተርኔተሮች የተለያየ ሥሪት ከሆኑ የዋይንዲንግ ፒቻቸው (የጥቅል ሽቦው አቀማመጥ) ሊለያይ ይችላል። ያኔ ያለ ሎድ ሲንክሮናይዝ ሲሆኑ እንኳ ኒውትራሉ ላይ ጅረት ይዞራል። ክላምፕ ሜትርህን ኒውትራሉ ላይ አድርግ። በባዶ ብዙ አምፒር ካየህ እሱን በኤ.ቪ.አር ለማጥፋት አትድከም፤ አይጠፋም። የኒውትራል አያያዙን የሚያይ ሰው ጥራ።

ሌሎች መንገዶች የሉም ወይ ትለኝ ይሆናል። አሉ። አንደኛው አዲሱን ዜሮ ድሩፕ አድርጎ አሮጌውን በድሩፕ መተው ነው። ያኔ ፍሪኩዌንሲው 50 ላይ ይቆማል፣ አሮጌው የሰጠኸውን ያህል፣ ለምሳሌ 100 ኪሎዋት፣ ይይዛል፣ የሎዱን ከፍ ዝቅ አዲሱ ይከተላል። ጥሩ ነው፤ ግን ላንተ ሆቴል አይሆንም። ማታ ሎዱ 50 ሲሆን አሮጌው 100 መስጠቱን አያቆምም፤ ትርፉ ሁሉ አዲሱ ላይ ይመለሳል። ተመልሰህ እዚያው ሪቨርስ ፓወር ላይ ነህ። ሁለተኛው እንደ ዲፕ ሲ 8610 ያሉ ሲንክሮናይዝ የሚያደርጉና ሎድ የሚያካፍሉ ኮንትሮለሮችን በሁለቱም ላይ መግጠም ነው። ከሁሉም የተሻለው እሱ ነው። ነገር ግን አሮጌው ኤሌክትሪክ ትእዛዝ የሚቀበል ጋቨርነር የለውም። ፓምፑ ላይ አክቹኤተር (በኤሌክትሪክ ትእዛዝ ናፍጣውን የሚያስተካክል)፣ ወይም ቢያንስ የፍጥነት ማንሻውን የሚያንቀሳቅስ ትንሽ ሞተር ማስገጠም አለብህ። ባለቤቱ ገንዘቡን ካዘጋጀ አድርገው። በድሩፕ ብቻ ለመሥራት ግን ይህ ሁሉ የግድ አይደለም።

ማታን በተመለከተ ግን ከጠየቅኸኝ በላይ እሄዳለሁ። ሁለቱን ካስተካከልካቸው በኋላ በ50 ኪሎዋት 25፣ 25 ይዘው ያለ ትሪፕ ያድራሉ። እንዲህ እንዲያድሩ ግን አልመክርህም። 25 ኪሎዋት ከ200 ላይ 12.5 በመቶ ነው። የናፍጣ ሞተር ከ30 በመቶ በታች ለረጅም ሰዓት ሲሠራ ሲሊንደሩ በደንብ አይሞቅም። ያልተቃጠለ ናፍጣና ጥላሸት ይከማቻል፤ የጭስ ማውጫው መጋጠሚያ ላይ ጥቁር ቅባት ሲንጠባጠብ ታየዋለህ። ሎዱ ከ120 በታች ሲሆን አንዱን አውጣ። ስታወጣ ብሬከሩን ዝም ብለህ አትክፈት፤ የሚወጣውን ፍጥነት ቀስ እያልክ ቀንስ፣ ኪሎዋቱ ወደ 10 ሲደርስ ክፈት፣ ከዚያ ለጥቂት ደቂቃ ባዶውን ይቀዝቅዝ። የቀረው አንዱም በ50 ኪሎዋት 25 በመቶ ላይ ነው፤ ያም ትንሽ ይጎድለዋል። ቦይለሮቹን ቀን ከምታሞቃቸው ማታ ተራ በተራ አብራቸው። ለጠዋቱ ሻወር ውሃ ይደርሳል፣ ሞተሩም 60ና 70 ኪሎዋት አግኝቶ በደንብ ይሠራል።

ጠዋት ሎዱ ሲነሳ ሁለተኛውን የምታስገባው የመጀመሪያው 140 ገደማ ሲደርስ ይሁን። ሲንክሮናይዝ ስታደርግ የሚገባው ከባስባሩ በጥቂቱ ፈጠን ይበል፤ ልክ ሲገባ ትንሽ ኪሎዋት እንዲይዝ እንጂ ወደ ኋላ እንዳይጎተት። ያኔ የሚገባው ገና ባዶ ስለሆነ የፍጥነት ብሎኑን ባስባሩን ተከትለህ ዝቅ ታደርጋለህ። ከገባ በኋላ የገባውን ፍጥነት ከፍ፣ የነበረውን ዝቅ እያደረግህ እኩል አድርጋቸው። እኩል ከሆኑ በኋላ ሎዱ ቢወጣም ቢወርድም እጅህን አንሳ። አሁን ቁልቁለታቸው አንድ ነው።

ሌላ የሚያሳስብህ ፍሪኩዌንሲው ከ50 ከፍ ማለቱ ሊሆን ይችላል። አንዱ ብቻውን 60 ኪሎዋት ይዞ ሲያድር 51 ሄርዝ ታያለህ። ሞተሮችህ 2 በመቶ ፈጠን ብለው ይዞራሉ። ፍሪጁም ሊፍቱም ኮምፒውተሩም አይጎዱም። ባለቤቱ ሜትሩን አይቶ ከተጨነቀ፣ ብቻውን ላደረው ፍጥነቱን በ1 ሄርዝ ዝቅ አድርግለት። ጠዋት ሁለተኛውን ከማስገባትህ በፊት ግን ወደ ምልክቱ መመለስ እንዳትረሳ። ካልመለስክ ሎዱ 140 ሲሆን ባስባሩ 49.2 ላይ ወርዶ ታገኘዋለህ፤ ሁለተኛውንም እስከዚያ ዝቅ ካላደረግኸው ሲንክሮናይዝ አይሆንልህም።